የሌሊቱ 9 ሰዓት ወተት

በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቶ፣ ሌላም ሕመም ተደርቦበት ሆስፒታል የተኛ ሕፃን በቀን 8 ጊዜ ወተት ይጠጣል። ጠዋት 12 ሰዓት ከጀመረ 3፣ 6 እና 9 ሰዓት እያለ ይመሽለታል፤ ማታም 12፣ 3 እና 6 ሰዓት ይጠጣና የመጨረሻው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይውላል። የቀኑን እናቱም፣ ሐኪሙም፣ የሥራ ጎብኚውም ያየዋል። የሌሊቱን 9 ሰዓት የሚያውቀው ግን አንድ ተረኛ ነርስ ብቻ ነው፤ ያውም ድካም ካልጣለው ወይም ለድንገተኛ ክፍል ካልተጠራ። በነገሌ ቦረናና በዙሪያዋ ባሉት ቆላማ ከተሞች ስለ ጤና አመራር ብዙ ሲነገር እሰማለሁ። እኔ አመራሩን የምለካው በዚያች ሰዓት ነው።

ወተቱ ኤፍ 75 ይባላል፤ በ100 ሚሊ ሊትሩ 75 ኪሎ ካሎሪ ይዟል። 6 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 100 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ከብት እያረባች ልጆቿን በወተት ያሳደገች የቦረና እናት ይህን አይታ ብትከፋ ማን ይፈርድባታል? ልጇ አጥንቱ ወጥቶ እያየችው የሚቀርብለት ጉሮሮ የማያርስ ነገር ይመስላታል። ጨምሩለት ትላለች። አባትየው ደግሞ ግሉኮስ ይሰቀልለት ይላል። ሁለቱም ጥያቄዎች ከፍቅር የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ሕፃኑን ሊገድሉት ይችላሉ። ለወራት የተራበ ሰውነት ልቡም ኩላሊቱም ደክሟል፤ ምግብና ፈሳሽ በአንዴ ሲጫንበት ልቡ ይከዳዋል። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ የሚፈቀደውም ሾክ ውስጥ ለገባ ሕፃን ነው። በሌላ በኩል ይህ ሰውነት ለነገ ያስቀመጠው ስንቅ የለውም። ጥቂት ሰዓት ሳይመገብ ከቆየ የደሙ ስኳር ይወርዳል፣ ገላው ይቀዘቅዛል። መድኃኒቱ እንግዲህ ትንሽ ትንሽ መስጠት፣ ደግሞም አለማቋረጥ ነው። ይህንን ለእናቲቱ በምትሰማው ቋንቋ፣ ለቦረናዋ በኦሮምኛ፣ ከሊበን በኩል ለመጣችው በሶማሊኛ፣ ቁጭ ብሎ ማስረዳት የሕክምናው አካል ነው። የገባት እናት ሌሊት ነርሱን ራሷ ትቀሰቅሰዋለች።

ይህ ሲጓደል ግን ጠዋት ሐኪሙ ዋርድ ሲዞር አንዱ አልጋ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የሞት ምክንያት ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ በኮሪደሩ የሚነገረው ደግሞ «እናቲቱ ዘግይታ አመጣችው» የሚል ነው። መዘግየቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሕፃኑ ማታ 3 ሰዓት በሕይወት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተመገበ? ሙቀቱ ተለክቷል? ከእናቱ ደረት ጋር ተለጥፎ ነው ያደረው ወይስ ለብቻው? የመመገቢያው ቻርት ላይ ያሉት የሌሊት ክፍት ቦታዎች ጠዋት ላይ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት ተሞልተው ቢገኙ፣ «ይህን ማን ሞላው? መቼ ሞላው?» ብሎ መጠየቅ የማን ሥራ ነው?

የዋርዱ ኃላፊ ነርስና የሆስፒታሉ ነርሶች አለቃ የሆነችው የሜትሮኗ ሥራ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው። በነዚህ ቦታዎች ሜትሮኗን ተጠያቂ አድርገናታል፤ ሥልጣን ግን አልሰጠናትም።

ወደ ሆስፒታሉ የሚደርሱት ሕፃናት እነማን እንደሆኑ ልብ እንበል። ያልተወሳሰበው የምግብ እጥረት በየቀበሌው ጤና ኬላ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ፣ ፕላምፒ ነት የሚባለው የለውዝ ምግብ ተሰጥቶት እቤቱ እየኖረ ይታከማል። በዋነኛነት ፕላምፒ ነቱን ቀምሶ የሚተፋው፣ እብጠቱ የበረታበት፣ የሳንባ ምች ወይም ከባድ ተቅማጥ የደረበው ነው ወደ ላይ የሚላከው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረና የሐጋያውም የበልጉም ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍና ከብቱ ሲያልቅ የመጡት ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ነበሩ። ሩቅ መንገድ በእናት ጀርባ፣ በሞተር ብስክሌት፣ ከተገኘም በአምቡላንስ ነው የሚመጡት። እንዲህ ደክሞ ለመጣ ሕፃን አደገኞቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀንና ሌሊት ናቸው። ለከባድ የምግብ እጥረት ሕክምና የወጣው ዓለም አቀፉ የስፊር መስፈርት ከሕክምናው ከሚወጡት መካከል የሞቱት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆኑ ይጠይቃል። በወሩ መጨረሻ ይህን ቁጥር ሪፖርት ማድረግ ቀላል ነው። ቁጥሩን ማን እንደሚሠራው ግን ሪፖርቱ አይናገርም።

አሁን ሜትሮኗን እንመልከት። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ወተቱ ቢያልቅ የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ወደ ቤቱ በሄደው ንብረት ክፍል ኪስ ውስጥ ነው። የሌሊት ተረኛ ጨምሩልኝ ብትል የዲዩቲ በጀት የለም ይባላል። ሁለት ዓመት ያለማመደቻት ጎበዝ ነርስ ዝውውር አግኝታ ወደ ከተማ ትሄዳለች፤ በምትኳ ትናንት የተመረቀ ልጅ ይመጣል፤ በሦስተኛው ቀን ብቻውን ሌሊት ይመደባል። ኤፍ 75 እንዴት እንደሚበጠበጥ ያነበበው ከፓኬቱ ጀርባ ላይ ነው። ሜትሮኗ አብራው እንዳታድር ነገ ስብሰባ አለባት፤ ከነገ ወዲያ የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ ከዚያ ደግሞ የድጋፋዊ ክትትል ቡድን ትቀበላለች። የነርሶች አለቃ የሆነች ሴት በሽተኛ አጠገብ የምትቆምበት ሰዓት ከሁሉም ነርሶች ያነሰ እንዲሆን አድርገናል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

ቦረናዎች ተራ ማስከበርን ከማንም በላይ ያውቁበታል። ዘጠኙ ቱላ በሚባሉት ኤላዎች፣ ማለትም ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች፣ ከብት የሚጠጣው በተራ ነው። ኤላውን ከቆፈረው ዘር የሆነ አባ ኮንፊ አለ፤ የዕለቱን ተራ የሚመራው ግን አባ ሄሬጋ ነው። አባ ሄሬጋ እዚያው ኤላው አፍ ላይ ይገኛል። ተራው ያልሆነ መንጋ ቢመጣ፣ የማንም ከብት ቢሆን፣ የመመለስ ሥልጣን አለው። ኤላው እንዲጠረግ ሰው የሚያዘውም እሱ ነው። ሥልጣኑና ኃላፊነቱ አንድ ሰው ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ለዋርድ የምመኘው ይህንኑ ነው።

በደቡብ አፍሪካ ኢስተርን ኬፕ በገጠር ሆስፒታሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህንኑ አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለሁሉም ተሰጠ፤ ሠራተኞችም ሠለጠኑ። አንዱ ሆስፒታል ሕፃናቱን ሲያተርፍ ሌላው ወደ ኋላ ቀረ። ተመራማሪዎቹ ሲያጣሩ ልዩነቱን ያገኙት በአመራሩ፣ በነርስ ኃላፊዎች የዕለት ተዕለት ክትትል፣ አዲስ ገቢን በማለማመድና በመተጋገዝ ላይ ነው። ወተቱ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነበር።

በእኛም አገር መመሪያ አልጠፋም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች የማሻሻያ መመሪያ ለነርስ አገልግሎት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶት ነበር። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ከየል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆችን በሁለተኛ ዲግሪ ማሠልጠኑ ትልቅ ሥራ ነበር። ለሥራ አስኪያጁ ያሰብንለትን ያህል ግን ለኃላፊ ነርሷ አላሰብንላትም። ጎበዝ መርፌ ወጊ ስለሆነች ወይም አገልግሎቷ ስለረዘመ ብቻ «ከነገ ጀምሮ ኃላፊ ነሽ» ትባላለች። ተራ ማውጣትን፣ የሞት ምርመራ ማካሄድን፣ የተቆጣ ቤተሰብ ማብረድን ማን አስተማራት?

ደግሞ የነገሌን ታሪክ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር አይዘነጋም። በጥር 1966 ዓ.ም. በዚህች ከተማ የሰፈረው ጦር ያመፀው በምግብና በውሃ ነበር። የውሃው ፓምፕ ተበላሽቶ መኮንኖቹ የራሳቸውን ጉድጓድ ለወታደሩ ከለከሉ። ጉዳዩን ሊያጣሩ የመጡትን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው፣ ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። የንጉሡን መንግሥት ካናወጡት የዚያ ዓመት ጩኸቶች የመጀመሪያው ይህ ነበር። የበታቹ የሚኖረውን ኑሮ የማያውቅ አለቃ መሥሪያ ቤት ይኖረዋል እንጂ ተከታይ አይኖረውም። ዛሬም የሌሊት ተረኛው ነርስ የሚያርፍበት ክፍል፣ ምሽት የሚጠጣው ውሃና በወቅቱ የሚከፈለው የዲዩቲ ገንዘብ የሕክምና ጥራት ጉዳዮች ናቸው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በብዙ ቦታ ሥራ እስከ ማቆም ያደረሳቸውን የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ ከበሽተኛው ጥቅም ተቃራኒ አድርገው ያዩት ሰዎች ነበሩ። እኔ አልስማማም። ቤት ኪራይ ያስጨነቀው ሰው 9 ሰዓት ላይ በራሱ ፈቃድ እንዲነቃ መጠበቅ ግፍ ነው።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። የሦስት ቀን ወተት ዋርዱ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቁልፉም በተረኛው ነርስ እጅ ይሁን። አዲስ የተመደበ ነርስ ልምድ ካለው ጋር ሁለት ሳምንት ሳያድር ብቻውን አይመደብ፤ ይህን የጣሰ ተራ ሲወጣ ሜትሮኗ አልፈርምም ማለት ትችል፣ ሥራ አስኪያጁም ይደግፋት። ከጠዋት እስከ 6 ሰዓት ማንም ለስብሰባ አይጥራት። ሕፃን ሲሞት የሞተበት ሰዓት ይጻፍ፤ የሆስፒታሉ ቦርድም በየወሩ ስንት እንደሞቱ ብቻ ሳይሆን በስንት ሰዓት እንደሞቱ ይጠይቅ።

ለአስታማሚ እናትም ምግብ ይታሰብ። ልጇ ወተቱን እየጠጣ እሷ ጦሟን የምታድር እናት፣ ሌሎች ልጆቿንና የተረፉትን ፍየሎች ትታ የመጣች እናት፣ በአራተኛው ቀን ልጇን አዝላ ብትወጣ «ጠፋች» ተብሎ ይመዘገባል። ሦስት እንጀራ የማዘዝ ሥልጣን ያላት ኃላፊ ነርስ ብትኖር ግን ያቺ እናት እስኪሻለው ድረስ ትቆይ ነበር።