መዳብ እንደ እርሳስ አይሞላም

በካሊፎርኒያ የምትኖሩ አዳኞች ወገኖቻችን እንደምታውቁት፣ በዚያች ስቴት ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በእርሳስ አረር አውሬ መግደል ክልክል ነው። ምክንያቱም ኮንዶር የተባለው ጥንብ አንሳ አዳኝ የተወውን ትራፊ እየበላ በእርሳስ ስለተመረዘ ነው። ጥይታቸውን ራሳቸው የሚሞሉ ሰዎችም ወደ መዳብ አረር ዞረዋል። መዞሩስ ይሁን፤ የቆየውን የባሩድ ልክ እንዳለ ይዞ መዞር ግን እጅና ዓይን ያስከፍላል።

ለምን ቢሉ፣ መዳብ ከእርሳስ ይቀላል። ስለዚህ ክብደታቸውና ውፍረታቸው እኩል ከሆኑ ሁለት አረሮች የመዳቡ ይረዝማል። የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት ግን ወሰን አለው፤ ለሠላሳ ዜሮ ስድስት ጠመንጃ ከ3.340 ኢንች እንዳያልፍ ነው ደንቡ። ታዲያ ረዥሙ አረር የት ይግባ? ወደ ቀለሁ ይሰምጣል፤ የባሩዱን ቦታ ይሻማል፤ ቦታው ሲጠብ ግፊቱ ይንራል።

«እንግዲያው ወደ ውጭ ላስረዝመው» የሚል አይጠፋም። አረሩ በበርሜሉ ውስጥ ያለውን ጥምዝምዝ መስመር ከነካ ግን ግፊቱ ያው ይጨምራል። ለመዳብ አረር ከመስመሩ 0.050 ኢንች ያህል መራቅ የተለመደ መነሻ ነው።

ስለዚህ ለዚያው አረር የተዘጋጀውን የአሞላል መጽሐፍ ይክፈቱ። ከዝቅተኛው የባሩድ ልክ ይጀምሩ፤ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ፤ ከመጨረሻው ልክ አይለፉ። ካፕሱሏ ከተጨፈለቀች ወይም ማቀባበያው አልከፈት ካለ ወዲያው ያቁሙ። አጋዘኑ ለከርሞም ይመጣል፤ ዓይን ግን አንዴ ከጠፋ ጠፋ።