ከካልኩሌተሩ በፊት ግምት ይቅደም

ዘመኑ የዲጂታል ነው ሲባል፣ ባለ መርፌ መሣሪያ ሁሉ ጊዜ ያለፈበት ሆኖ ይታያል። ለመሆኑ በአናሎግና በዲጂታል መሣሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት የአሮጌና የአዲስ ልዩነት ብቻ ነውን?

አናሎግ መሣሪያ የሚለካውን መጠን በርዝመት ወይም በማዕዘን መልክ ያሳያል፤ ዲጂታሉ ደግሞ በአኃዝ ይገልጸዋል። የግድግዳ ሰዓትን እንመልከት። አጭሩ መርፌ 9 ላይ ሲያርፍ፣ አገርኛውን አቆጣጠር የለመደ ሰው በትይዩ ያለውን 3 አይቶ «ሦስት ሰዓት» ይላል። በዲጂታሉ 9፡00ን ሲያነብ ግን 6 መቀነስ አለበት። በፈተና አዳራሽም የቀረው ጊዜ በባለ መርፌው ሰዓት ላይ በዓይን ይታያል፤ በዲጂታሉ ግን ይሰላል።

የስሌት መሣሪያዎችም ታሪክ ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ጆን ኔፒየር እ.ኤ.አ. በ1614 ሎጋሪዝምን ካስተዋወቀ ብዙም ሳይቆይ፣ እንግሊዛዊው ዊልያም ኦትሬድ ስላይድ ሩል የተባለውን ተንሸራታች የስሌት ማስመሪያ ፈለሰፈ። መሐንዲሶች ኤችፒ-35 የተባለው የኪስ ካልኩሌተር እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ እስከቀረበ ድረስ በዚህ ማስመሪያ ሲገለገሉ ኖረዋል። ማስመሪያው ሦስት ያህል አኃዞችን ይሰጣል እንጂ የአሥርዮሽ ነጥቡን ቦታ አይናገርም። መልሱ 2.4 ይሁን 240 የሚወስነው ተጠቃሚው ስለነበረ፣ አስቀድሞ መገመት ግዴታው ነበር።

ካልኩሌተር ይህን ግዴታ አንሥቶታል። በራዲያን ላይ እንደተቀመጠ የ30 ዲግሪ ሳይን ቢጠየቅ፣ 0.5 በማለት ፈንታ ከዜሮ በታች 0.988 ብሎ ይመልሳል። በሚሊሜትር በተከፈለ ማስመሪያ 9.5 ሴንቲ ሜትር የተለካ ክር ለሦስት ሲካፈልም 3.1666667 ያሳያል። ሁሉንም አኃዝ የሚገለብጥ ተማሪ ማስመሪያው ያላየውን ነገር ለካሁ እያለ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተናን በኮምፒዩተር ይወስዳሉ። የምርጫ ፈተና በኮምፒዩተር ሲታረም ፈጣንና ከአድልዎ የራቀ ነው፤ ሆኖም የተመረጠውን ፊደል እንጂ መልሱ የተገኘበትን መንገድ አያይም። ስለዚህ መንገዱን የመመዘን ኃላፊነት የሚወድቀው በየትምህርት ክፍሉ በሚሰጡ ፈተናዎች ላይ ነው።

ይህ ሲባል ካልኩሌተር ይከልከል ማለት አይደለም። ረጅም ማባዛትን መቻል ብቻውን ፊዚክስን ማወቅ አይሆንም። የዚህ ጸሐፊ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ተማሪው በእያንዳንዱ የስሌት ጥያቄ ላይ የመልሱን ግምት በአንድ መስመር አስቀድሞ ይጻፍ፤ ለግምቱም ነጥብ ይሰጠው። ይህ የአራሚውን ድካም በጥቂቱ እንደሚጨምር አይካድም። ይሁንና የዛሬው ተማሪ ነገ የመድኃኒት መጠን ወይም የድልድይ ብረት ውፍረት ያሰላል። የአሥርዮሽ ነጥብ በአንድ ቦታ ብትዛነፍ ስሕተቱ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ መሣሪያውም አያስጠነቅቅም። «ይህ ቁጥር ሊሆን አይችልም» ብሎ የሚያቆመው ሰው አስቀድሞ የገመተ ሰው ነው።