ደወሏ ስለ ምን ትጮኻለች?

አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን፣ አሜሪካ የምትኖረው ልጃቸው የላከችላቸውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ደወል ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። በክረምቱ ወራት ማታ ማታ መጮኽ ስላበዛች «ባትሪዋን አውጥቼ ብገላገላትስ?» ሲሉ አማከሩኝ። «እትዬ፣ ተዉ፣ ምክንያቷን እንፈልግ» ብዬ የቅዳሜን ምሽት ከእርሳቸው ጋር አሳለፍሁ።

እንዲህ ዓይነቱ ደወል ባትሪው ሲደክም በየደቂቃው ገደማ አንድ ጊዜ ብቻ ጢው ይላል። ጋዝ ሲያገኝ ግን ባመዛኙ አራት ጊዜ አከታትሎ ይጮኽና ጥቂት አርፎ ይደግማል። የወይዘሮዋ ደወል የምትጮኸው አራት አራት ጊዜ ነበር።

ታዲያ ጋዙ ከየት መጣ? ምጣዱም ሆነ ወጥ የሚሠራበት ምድጃ የኤሌክትሪክ ነው። ቡናው የሚፈላው በረንዳ ላይ ነው። «ከሰሉንም ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ አቆየዋለሁ፤ ጨውም ጣል አደርግበታለሁ» አሉኝ። በረካው ተጠጥቶ ብርዱ ሲጠና ግን ማንደጃው ከነፍሙ ለሙቀት ወደ ሳሎን ገባ፤ መስኮቱም ተዘጋ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆየን ደወሏ ጮኸች።

ብዙዎቻችን ሰው የሚመታው ጭሱ ይመስለናል። ጭስ ያስላል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ መስኮት ያስከፍታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ቀልቶ ከጋመ ፍምም ይወጣል። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን ተሸካሚ ከሆነው ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ ቦታውን ይነጥቀዋል። ጨውም ሎሚም አያግደውም። (እናቴም ጨው ትጨምር ነበር፤ ማን እንዳስተማራት እንጃ።)

ይበልጥ ያስደነገጠችኝ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ምራታቸው ናት። ማታ ማታ ራሷን እየከፈላት ያቅለሸልሻት ነበር፤ «እርግዝናው ነው» ተብሎ ታልፏል። ቀን መሥሪያ ቤት ስትውል ግን ይተዋታል። ከቤት ሲወጡ የሚሻል ራስ ምታት ከሰልን ሊያስጠረጥረን ይገባ ነበር፤ ጋዙ ወደ ፅንሱም ያልፋልና። ያን ማታ ሁላችንም ወደ ደጅ ወጣን። ቤት ውስጥ ሽንኩርት የሚያሸት፣ ወተት የሚያቀርብ አልጠፋም፤ እኛ ግን በቀጥታ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ኦክሲጅን ተሰጥቷት አደረች፤ የፅንሱም የልብ ትርታ ደህና መሆኑ ተነገረን።

ወይዘሮዋ አሁን ፍሙን በረንዳ ላይ አጥፍተው ይገባሉ፤ ለብርዱ ጋቢ ደርበዋል። ደወሏ ባለፈው ሳምንት ጢው ማለት ጀምራ ነበር፤ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ። አዲስ ባትሪ ገዝተንላታል።