የወደቀ ጽድ ለማገዶ አይሰጥ

ሽሮ ሜዳ ላይ ስለ ብርድ ጨዋታ ከተነሳ «የዱሮው ብርድማ!» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ያኔ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ጋቢ ይበሳ ነበር፤ ውርጩ ሣሩን ያነጣው ነበር። «ብርዱስ ያው ነው፤ ያኔ ልብስ ስላልነበረህ ነው» የሚል ተከራካሪም አይታጣም።

ይህን ክርክር በከፊል የሚዳኝ መዝገብ አለ። የአዲስ አበባ ዝናብ መለካት የጀመረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው። ወልደአምላክ በውቀት ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ይህንና የሙቀቱን መዝገብ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1951 እስከ 2002 ድረስ የከተማዋ ዝቅተኛ ሙቀት በየ10 ዓመቱ 0.4፣ ከፍተኛው ደግሞ 0.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጨምሯል። ሌሊቱ ከቀኑ ይልቅ ሞቋል ማለት ነው። አስፋልትና ግንብ ቀን የዋጡትን ሙቀት ሌሊት ስለሚተፉ ከተማዋ ራሷም እጇ ሳይኖርበት አይቀርም። በዓመቱ ዝናብ ላይ ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም። እናም ሽማግሌው ስለ ብርዱ ረትተዋል፤ «ዝናቡም ጠፋ» ካሉ ግን መዝገቡ አይመሰክርላቸውም።

ችግሩ መዝገቡ አጭር መሆኑ ነው። አገሩን በድርቅና በከብት እልቂት የፈጀው ክፉ ቀን (ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.) ያለፈው መለኪያው ከመተከሉ በፊት ነበር። እንዲህ ያለ ዘመን በስንት ዓመት አንዴ እንደሚመለስ ከመቶ ዓመት ቁጥር ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ሳይንቲስቶች ተፈጥሮ ራሷ የጻፈችውን ይፈልጋሉ። ከጣና ሥር የወጣው ደለል፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በነበረ ጊዜ ሐይቁ ደርቆ እንደነበርና ለዓባይ የሚሰጠው ውሃ እንዳልነበረው ተናግሯል። በደቡብ ኢትዮጵያ ጨው ባሕር እ.ኤ.አ. በ2014 እስከ 280 ሜትር ገደማ ተቆፍሮ የ620,000 ዓመት ታሪክ የያዘ ጭቃ ወጥቷል። ከተመራማሪዎቹ አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት የሥነ ምድር ሊቅ አስፋወሰን አስራት ናቸው፤ እርሳቸው በሐረርጌ መቻራ ዋሻዎች ውስጥ በውሃ ጠብታ የተገነቡ ድንጋዮችንም አጥንተዋል።

ለጉለሌ ሰው ግን ጨው ባሕር ሩቅ ነው። ቅርቡ ጽድ ነው።

የሐበሻ ጽድ ክረምት ሲዘንብለት ይወፍራል፣ በበጋ ያርፋል። ይህ በግንዱ ላይ ቀለበት ሆኖ ይቀራል፤ በጥጋብ ዓመት ሰፊ፣ በድርቅ ዓመት ቀጭን። ቀለበቱን ለመቁጠር ዛፉን መግደል አያስፈልግም፤ ውስጡ ክፍት በሆነ ቀጭን መሰርሰሪያ እርሳስ የምታህል ዘንግ ከግንዱ ይወጣል፣ ዛፉም ይኖራል። ይሁን እንጂ ዝናብ በዓመት ሁለቴ በሚመጣበት አካባቢ አንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊያወጣ ይችላል። በልግም ክረምትም የሚዘንብበት እንጦጦም ከዚህ ጥርጣሬ ነፃ አይደለም። እዚህ ላይ ያልታሰበ ዳኛ ተገኝቷል፦ የኑክሌር ቦምብ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኃያላኑ በአየር ላይ ያፈነዷቸው ቦምቦች ሬዲዮአክቲቭ ካርቦን በዓለም ሁሉ ረጭተዋል። ያ ምልክት በየትኛው ቀለበት እንዳረፈ ሲለካ ቆጠራው ትክክል መሆን አለመሆኑ ይለያል። በዚህ ሙያ ናይሮቢ ውስጥ የዛፍ ቀለበት ላቦራቶሪ የመሩትን አስቴር ገብረክርስቶስን የመሰሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ባለሙያ አጣን የሚል ሰበብ እንግዲህ አይሠራም።

የታጣው ዛፉ ነው። ከተማዋ ስትቆረቆር የእንጦጦ ጽድ ለቤትና ለማገዶ አለቀ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አድኗታል፤ ይህን ውለታ መካድ ነውር ነው። ነገር ግን በየጥቂት ዓመቱ የሚቆረጥ ዛፍ የመቶ ዓመት ትዝታ አይኖረውም። 705 ሄክታር የያዘው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አገር በቀል ዛፎችን እየመለሰ መሆኑ ደስ ይላል። ዛሬ የተተከለ ችግኝ ግን ስለ አያቶቻችን ዘመን ምንም አያውቅም።

የሚያውቁት በየደብሩ ቅጥር የቆሙት ሽማግሌ ጽዶችና በአሮጌ ቤቶች ውስጥ ያሉት የጽድ ወራጆች ናቸው። ምስጥ ስለማይደፍረው የድሮ አናጺዎች ጽድ ይወዱ ነበር። የወራጁ የውጨኛ ቀለበቶች ከቆመው ዛፍ የውስጠኛ ቀለበቶች ጋር ከገጠሙ መዝገቡ ወደ ኋላ ይረዝማል። ቤቱ ሲፈርስ ግን ወራጁ ለማገዶ ይሸጣል። ይህ ከድህነት ይልቅ ካለማወቅ የሚመጣ ጥፋት ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። የደብር አስተዳዳሪዎች፣ ቤት አፍራሽ ሥራ ተቋራጮችና የክፍለ ከተማው ሹማምንት ሆይ፦ ያረጀ ጽድ በነፋስ ሲወድቅ ወይም የጽድ ወራጅ ሲነቀል አንድ ክብ ቁራጭ አስቀሩ። የት እንደበቀለ ወይም ከየትኛው ቤት እንደወጣ፣ መቼ እንደወደቀ ጻፉበት፤ ከዚያም ለዕፅዋት ማዕከሉ ወይም ለዩኒቨርሲቲው ስጡ። የቀረው ግንድ ለማገዶ ይሁን።