ልጃችሁን ከጨዋታው አታስቀሩት

ይድረስ በደሴና በኮምቦልቻ አካል ጉዳተኛ ልጅ ለምታሳድጉ እናቶችና አባቶች፤

ሰርግ ሲኖር ማን ቤት እንደሚቀር እናንተም እኔም እናውቃለን። መራመድ የሚያቅታት ልጅ «ዳገቱ ይከብዳታል» ተብላ፣ መስማት የተሳነው «ምን ሊሰማ» ተብሎ፣ ዓይነ ስውሩ «ሰው ይገፋዋል» ተብሎ ይቀራሉ። ክፋት አይደለም፤ ስስት ነው። ደሴ ዳገት መሆኗም እውነት ነው። ግን ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በቦታዎቿ ስም በሚጠሩባት በወሎ ተወልዶ ከዘፈኑም፣ ከመንዙማውም፣ ከእስክስታውም ውጭ ማደግ ምን ይባላል?

ጮክ ብላችሁ የማትናገሩት ሌላ ስጋት ደግሞ አለ። ዓይነ ስውር ልጅ ማሲንቆ ያዘ ሲባል ብዙ ወላጅ ፊቱ ድቅን የሚልበት በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተዘረጋ እጅ ነው። ስጋቱ ከሜዳ አልመጣም። በአገራችን ዜማና የአካል ጉዳት ብዙ ጊዜ የተገናኙት ምጽዋት ላይ ነው። በንጋት በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበሎች እንኳ «ዜማውን ካቆምን ሥጋ ደዌ ይይዘናል» የሚል እምነት ሲወርድ ሲዋረድ ደርሷቸው ኖረዋል። ሆኖም በዚያው አገር፣ በአብነት ትምህርት ቤት፣ ዓይነ ስውር ተማሪ ዜማውንና ቅኔውን በቃሉ ይዞ ለመምህርነት ሲበቃ፣ ቁርዓንን በቃሉ የያዘውም ሲከበር ኖሯል። እነዚህ መምህር ነበራቸው። ማሲንቆውን ይዞ ደጅ የሚወጣው መምህር ያላገኘው ነው።

«መስማት ለተሳነው ሙዚቃ ምን ይሠራለታል?» ለምትሉ፣ ስኮትላንዳዊቷ ኤቭሊን ግሌኒ በ12 ዓመቷ የመስማት አቅሟን በአብዛኛው አጥታ ሳለ በዓለም የታወቀች የከበሮ ባለሙያ ሆናለች። ጫማዋን አውልቃ ንዝረቱን በእግሯ ትቀበላለች። ከበሮ በሚመታበት ቤት ወለሉ ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ልጅ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። አዲስ አበባም ሩቅ አይደለችም፤ የጎዳና ልጆችን ይዞ በ1980ዎቹ የተጀመረው «አዱኛ» የዳንስ ቡድን ኋላ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችንም ዘመናዊ ውዝዋዜ አሠልጥኖ መድረክ ላይ አውጥቷል።

የትነበርሽ ንጉሤ ደግሞ የዚሁ የደቡብ ወሎ፣ የአማራ ሳይንት ልጅ ናት። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች፤ ሻሸመኔ ባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ የሕግ ባለሙያ ሆና በ2010 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። ሙዚቀኛ አይደለችም። የማነሳት ከቤት አለመቅረቷን ብዬ ነው።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 30፣ ቲያትርና ሲኒማ መታደምንም የራስን የፈጠራ ችሎታ ማዳበርንም መብት ያደርጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም (ቁጥር 624/2001) የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዞ ነበር። ወረቀት ግን ደረጃ አይወጣም፤ ጠያቂ ይፈልጋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ተነሡና ጠይቁ። ልጄ በኪነት ክበቡ ለምን የለም? በሙዚቃና በሥዕል ክፍለ ጊዜ ለምን «ይቅርበት» ይባላል? የወላጆች ቀን ድራማ ሲታይ በምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉም ማን ነው? ከተማው አዳራሽ ሲያድስ መወጣጫውን አስቦበታል? ብቻችሁን ከሆናችሁ ጥያቄው በቀላሉ ይታለፋልና ሌሎች ወላጆችን አስከትሉ። አብሽሩ፤ መልሱ «በጀት የለም» ከሆነም «በጽሑፍ ስጡን» በሉ።