ሐይቅ ዳር የምትውል አንዲት ቀን



በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ውስጥ ተርቢያ ደጋግመን ጽፈናል። ዛሬ ግን ልጆቻችንን ይዘን ከቤት እንውጣ። ብዙዎቹ ልጆቻችን በቴሌቪዥን ያዩትን አንበሳና ዝሆን በሚገባ ያውቃሉ፤ ደጃችን ካለው ዛፍ ላይ ጎጆዋን የሠራችውን ወፍ ግን ልብ ብለው አላዩአትም። ቁርኣናችን ውስጥ በላም፣ በንብ፣ በጉንዳን፣ በሸረሪትና በዝሆን የተሰየሙ ሱራዎች አሉ። ሱረቱ-ን-ነሕልን የሐፈዘ ልጅ ንብ አበባ ላይ አርፋ ምን እንደምትሠራ ጎንበስ ብሎ አይቶ የማያውቅ ከሆነ፣ እሱን ማሳየት የወላጅ ድርሻ ነው።

ለአዲስ አበባና ለአዳማ ቤተሰብ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ከሚመቹት ቦታዎች አንዱ የዝዋይ ሐይቅ ነው። ደንበል ተብሎም ይጠራል፤ ከተማውም ዛሬ ባቱ ነው የሚባለው። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሐይቁ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ 10 ሜትር አይሞላም። ውሃው ሰፊና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ዓሣውም ወፉም የበዛ ነው። የፈጅርን ሰላት ሰግዶ በጠዋት የተነሣ ቤተሰብ ፀሐይ ሳትከር ይደርሳል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ እንግዳ ወፎች ስለሚጨመሩ የሚታየው ይበረክታል።

እዚያ ስንደርስ ሁሉንም በአንዴ ለማየት ከመሯሯጥ፣ ቦታውን በሦስት ከፍሎ እያንዳንዱን ተረጋግቶ ማየት ይሻላል።

የመጀመሪያው ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን የሚያስጠጉበት ዳርቻ ነው። እዚያ አባ ኮዳን ታገኙታላችሁ። ቁመቱ የአንድ ታዳጊ ልጅ ያህል ነው፤ አንገቱ ላይ እንደ ኮዳ የተንጠለጠለ ከረጢት አለው። ልጆች መልኩን አይተው መሳቃቸው አይቀርም። ታዲያ ራሱ ለምን መላጣ እንደ ሆነ ጠይቋቸው። አባ ኮዳ ጥንብና የዓሣ ትርፍራፊ ስለሚበላ፣ ራሱ ላባ ቢኖረው ኖሮ በደምና በቆሻሻ ይጣበቅ ነበር። አስቀያሚ ያሉት መላጣ ለንጽሕናው የተሰጠው መሆኑን ሲረዱ ሳቃቸው ወደ ሱብሓነላህ ይለወጣል። ያ ወፍ ባይኖር የዓሣው አንጀት እዚያው ሸትቶ ዝንብና በሽታ ይፈለፍል ነበር።

ከአባ ኮዳ ጎን ነጫጮቹ ፔሊካኖች ይዋኛሉ። እነዚህ ወፎች አብዛኛውን ጊዜ ብቻቸውን አያጠምዱም። እንደ ፈረስ ኮቴ ክብ ሠርተው ዓሣውን ወደ መሐል ይነዱና ሁሉም በአንድ ጊዜ መንቁራቸውን ውሃ ውስጥ ይነክራሉ። ስለ ጀመዓ ጥቅም ለልጅ አንድ ሰዓት ከመስበክ ይህን አምስት ደቂቃ ማሳየት ይበልጣል።

ሁለተኛው ፊላና ቄጠማ የበቀለበት ረግረግ ነው። ሰው ከንቱ ቦታ ይመስለዋል፤ ዓሣ ግን እንቁላሉን የሚጥለውና ጫጩቶቹን የሚያሳድገው እዚህ ተሸሽጎ ነው። ጎርፍ ከእርሻ የሚያመጣውን አፈርም ፊላው ይዞ ያስቀረዋል። በውሃው ላይ በተንሳፈፉት ቅጠሎች ላይ እንደ ምንጣፍ የምትራመደዋን ጃካና የምትባል ወፍ ፈልጉ። ጣቶቿ እጅግ ረጃጅም ስለ ሆኑ ክብደቷ ተከፋፍሎ አትሰጥምም። የሚገርመው ደግሞ እንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩቶቹን የሚያሳድገው አባትየው መሆኑ ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን በክንፉ ሥር አቅፎ ይሸሻል። ልጅ ማሳደግ የእናት ሥራ ብቻ ነው የሚል አባት ቢኖር ይችን ወፍ አብሮን ይመልከት።

ሦስተኛው ከውሃው ፈቅ ብሎ ያለው የግራር ዛፍ ነው። ከቅርንጫፉ የተንጠለጠሉት ክብ ጎጆዎች በሣር ተሸምነው የተሠሩ ናቸው። ሸማኔው ወንዱ ወፍ ነው፤ ሴቷ መጥታ ትመረምራለች፣ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች።

ከሦስት ጎረቤት ቤተሰቦች ጋር በሄድንበት ቀን አንድ የ10 ዓመት ልጅ የላስቲክ ወንጭፍ በኪሱ ይዞ ነበር። ግራሩ ሥር ስንደርስ አውጥቶ አነጣጠረ። አባቱ ሊቆጣ ሲል አያቱ ቀደሙትና «ልጄ፣ እሷም እኮ ልጆች አሏት» አሉት። ከዚያ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ሶሓባዎች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲት ወፍ ጫጩቶችን በወሰዱባት ጊዜ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ክንፏን እያራገበች ስትጨነቅ አይተው ልጆቿን እንዲመልሱላት ማዘዛቸውን አጫወቱት። ልጁ ወንጭፉን አልጣለም፤ ግን ኪሱ ውስጥ መለሰው። አባቱም ጎጆዎቹን እንዲቆጥር ሥራ ሰጡት። እስኪመሽ ሲቆጥር ዋለ። የቁጣ ያህል ሥራ መስጠትም ልጅን ያርቃል።

ወላጆች ሆይ፣ ይህ ሁሉ የሚኖረው ውሃው እስካለ ድረስ ነው። ዝዋይ ከመቂና ከካታር ወንዞች ይሞላል፤ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ሐይቅ ይወርዳል። ለመስኖ የሚሳበው ውሃ በመብዛቱ ወደ አቢጃታ የሚደርሰው እየቀነሰ መጣ፤ ከራሱ ከአቢጃታም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ይሳብ ነበር። በዚህ ምክንያት ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከነበረበት እጅግ ሸሽቷል፤ ዓሣውም ጠፍቷል። በአጠገቡ ባለው በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ቀለባቸውን ያገኙ የነበረው ከአቢጃታ ነበር። ዓሣው ሲጠፋ ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ ርቀው ለመብረር ተገደዱ። መቂ ዳር የሚባክን ውሃ ሻላ ላይ ያለችን ጫጩት ያስርባል ማለት ነው። ምድር በአማና የተሰጠችን ናት ስንል ኢስራፍ የምንለው ነገር ገበታ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም።

እንግዲህ ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ምክር እንጨምር። ለውዱእ የሚሆን ውሃ በጀሪካን ከቤት ያዙ፤ ብልሃርዝያ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ በመግባት ስለሚይዝ ልጆች ሐይቁ ውስጥ እንዳይንቦጫረቁ። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣልና ከመግሪብ በፊት ከውሃው ራቁ፤ ጀልባ ብትከራዩም ባለ ጀልባው እንዳይጠጋው ንገሩት። ለጦጣም ሆነ ለወፍ ዳቦ አትስጡ፤ ከሰው እጅ የለመደ እንስሳ መቀማት ይጀምራል። ፌስታልና ጠርሙስ ሰብስባችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። መቼም ከማይፈስ ውሃ ውስጥ መሽናት በሐዲስ የተከለከለ መሆኑን ልጆቻችን ቢያውቁት አይከፋም። መንገደኛ ሰላቱን እንዴት እንደሚሰግድ አስቀድማችሁ የሰፈራችሁን ኢማም ጠይቁ። ለእያንዳንዱ ልጅ ደብተርና እርሳስ ስጡ፤ ያየውን ወፍ መንቁሩን፣ እግሩንና ሲሠራ ያየውን ይጻፍ። ስሙን ባያውቀው ግድ የለም።

የመኪና ኪራይ የሚከብደን ቤተሰቦችም ብንሆን ቀኑ አያልፈንም። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች አሉና ሰፈራችን ያለው ወንዝ ዳር፣ የመስጂዱ ግቢ ዛፍ፣ የጓሯችን ጎመንም ብዙ ያሳየናል። ዛፍ የሌለው ግቢ ካለ ደግሞ አንድ ችግኝ ይተከልበት። ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ የበላው ሁሉ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

ልጆቻችሁ ያዩትን ጽፈው ወይም ሥለው ቢልኩልን ደስ ይለናል። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ አላህ ቤታችሁን በሰላም ይጠብቅልን።