ሣጥኖቹን እንለያቸው



ረመዷን በተቃረበ ቁጥር በጀመዓችን የሚነሣው ክርክር ዘንድሮም ተነሥቷል፦ የተሰበሰበውን ገንዘብ በምን መንገድ እንስጥ? አንዳንዶቻችን ለተቸገረው በእጁ ይሰጠው እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ኮሶዬ ላይ በጎች ገዝተን ለአርቢ እንስጥ፣ በየዓመቱ ከሚገኘው ትርፍ ችግረኛ ተማሪዎችን እንርዳ እንላለን። የሁለቱም ኒያ መልካም ነው። ስሕተቱ ሁሉንም ብር በአንድ ሣጥን መክተታችን ነው።

ብዙዎቻችን ኒሷብ የሚሞላ፣ ማለትም 85 ግራም ወርቅ የሚያወጣ ሀብት የለንም። በእጃችን የሚገባው ዘካ ከተመራቂዎቻችንና ከነጋዴ አባቶቻችን የመጣ አማና ነው። የዘካ ተቀባዮች ደግሞ በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛው አንቀጽ በስምንት ተለይተዋል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ለድሃ የሚሰጥ ዘካ እጁ ገብቶ የራሱ ንብረት መሆን አለበት ይላሉ። ስለዚህ ዘካ የበግ መግዣ አይሆንም። ዘካተል ፊጥርም ከዒድ ሶላት በፊት ድሃው ቤት መግባት አለበት። ዳባት ወረዳ፣ ዓለምዋጭ የተጠለለ ስደተኛ የቸገረው ዛሬ ነው፤ ግልገል ተወልዶ እስኪሸጥ አይጠብቅም።

ሰደቃ ግን ሰፊ ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) ኸይበር ላይ ያገኙትን መሬት ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያማክሩ፣ መሬቱ ሳይሸጥና ሳይወረስ ፍሬው ለችግረኞች እንዲውል ተደረገ። ወቅፍ ማለት ይኸው ነው። የኮሶዬው ሐሳብም ቦታው እዚህ ነውና፣ ለዚሁ ተብሎ በሚሰጥ ሰደቃ ብቻ ይጀመር።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። በግ ይታመማል፣ ይሞታል፤ የኮሶዬ ብርድም ቀላል አይደለም። እኛ ደግሞ በአራት አምስት ዓመት ተመርቀን እንበተናለን። ወቅፍ የሚፈልገው የሚቆይ ጠባቂ ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱን የከተማው መስጂድ ሽማግሌዎች ይያዙት፣ ከአርቢው ጋር ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ሒሳቡም በየሴሚስተሩ ለጀመዓው ይነበብ። ይህ ካልተሟላ በጎቹ ባይገዙ ይሻላል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ሣጥን እናቅርብ፦ የዘካ፣ የሰደቃና የወቅፍ። ሰጪውም የትኛው ውስጥ እንደከተተ ዐውቆ ይሂድ። አላህ ይቀበለን፤ አሚን!